የዉድስቶክን ትዝታ ለሚገዛ ሰው፦ የትኛው መጽሐፍ፣ የትኛው ፎቶግራፍ?

ስለ ዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል መጽሐፍ ወይም ፎቶግራፍ ለመግዛት ስታስቡ አስቀድማችሁ ራሳችሁን የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ የምትፈልጉት መድረኩን ነው ወይስ ሕዝቡን? ገበያ ላይ ያለው ሁሉ ከሁለቱ ወደ አንዱ ያደላል። የጂሚ ሄንድሪክስን ጊታር ከቅርብ ማየት የሚፈልግና ዝናብ ያበሰበሰው ማሳ ላይ ያደረውን ወጣት ማየት የሚፈልግ ሰው አንድ መጽሐፍ ገዝተው እኩል አይደሰቱም። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፤ ሕዝቡን የሚያሳየው ይበልጣል። ሙዚቀኞቹ በእነዚያ ዓመታት በሌሎች ብዙ መድረኮችም ፎቶ ተነሥተዋል። ከ400 ሺህ በላይ ሰው በአንድ የገጠር ማሳ ላይ፣ ምግብና መጠለያ አጥሮት፣ እርስ በርሱ እየተካፈለ የሰነበተበት ምስል ግን የሚገኘው ከዚያ ብቻ ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ በአጭሩ፦ ፌስቲቫሉ ከነሐሴ 9 እስከ 12 ቀን 1961 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን ከኦገስት 15 እስከ 18 ቀን 1969) በኒውዮርክ ግዛት ቤተል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ማክስ ያስገር የተባለ የወተት ላም አርቢ ባከራየው መሬት ላይ ተካሄደ። ስሟን ለፌስቲቫሉ የሰጠችው የዉድስቶክ ከተማ ከዚያ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። አዘጋጆቹ አራት ወጣቶች ነበሩ፤ ማይክል ላንግ፣ አርቲ ኮርንፌልድ፣ ጆኤል ሮዘንማንና ጆን ሮበርትስ። ቀድሞ የታሰበበት ዎልኪል የተባለ ወረዳ ሐምሌ ላይ ከለከላቸውና አንድ ወር ብቻ ቀራቸው። አጥሩም የትኬት መቁረጫውም ሳያልቅ ሕዝቡ ደረሰ፤ ፌስቲቫሉም በነጻ ሆነ። ጊዜው የቬትናም ጦርነት የተፋፋመበት ነው፤ የአባቶቹን ሥርዓት አልቀበልም ያለው ትውልድ ብዛቱን በዓይኑ ያየው በእነዚያ ቀናት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚነበቡት

ከሚነበቡት አስቀድሜ የማስቀምጠው የጆኤል ማኮወርን «ዉድስቶክ፦ ዘ ኦራል ሂስትሪ» ነው። በ1989 ለፌስቲቫሉ 20ኛ ዓመት ወጣ፤ በ2009 ለ40ኛው ዓመት እንደገና ታተመ። ማኮወር ራሱ አይተርክም፤ የነበሩትን ያናግራል። አዘጋጁ፣ ሙዚቀኛው፣ ሐኪሙ፣ ፖሊሱ፣ አናጢው፣ የመንደሩ ባለሱቅ፣ ፊልም ቀራጩ በየተራ ይናገራሉ። ስለ አንድ ሌሊት ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ቃላቸው ይጋጫል፤ ማኮወር አያስታርቃቸውም፣ ሁለቱንም አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ ያልፋል። ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ዋጋ ይህ ነው፤ ዉድስቶክን እያንዳንዱ ሰው ከቆመበት ቦታ አየው እንጂ ከላይ ሆኖ ያየው የለም።

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለተማርን አንባቢዎችም ይህ መጽሐፍ ይመቻል። የተጻፈው ሰው እንደሚናገረው ስለሆነ ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ከየትኛውም ገጽ ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። አስቸጋሪው ነገር የስሞቹ ብዛት ነው። ተናጋሪው ማን እንደነበረ እየረሳችሁ ወደ ኋላ መመለሳችሁ አይቀርም፤ እርሳስ ይዛችሁ ብታነቡ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጡት ሁለቱ የአዘጋጆቹ መጻሕፍት ናቸው፤ እነሱን ለየብቻ ማወዳደር ያስፈልጋል። አንደኛው ማይክል ላንግ ከሆሊ ጆርጅ-ዋረን ጋር ሆኖ በ2009 ያሳተመው «ዘ ሮድ ቱ ዉድስቶክ» ነው። ላንግ በዚያን ጊዜ 24 ዓመቱ ነበር፤ በ1968 ማያሚ ላይ ፌስቲቫል ከማዘጋጀት ጀምሮ እንዴት እዚያ እንደደረሰ በተረጋጋ አንደበት ይነግረናል። ሁለተኛው ሮዘንማንና ሮበርትስ ከሮበርት ፒልፔል ጋር በ1974 ያወጡት «ያንግ ሜን ዊዝ አንሊሚትድ ካፒታል» ነው። ርዕሱ የተወሰደው ሁለቱ ጓደኛሞች የሚሠሩበት ሐሳብ ፍለጋ ጋዜጣ ላይ ካወጡት ማስታወቂያ ነው። ገንዘቡ ከሮበርትስ ውርስ የመጣ ነበር፤ ፌስቲቫሉ ሲያልቅ በእጃቸው የቀረው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ነው። ላንግና ኮርንፌልድ ድርሻቸውን ሸጠው ወጡ፤ ዕዳውን ለመክፈል የቀሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ከፊልሙና ከሸክላው የመጣው ገቢም ቀስ በቀስ አገዛቸው።

ላንግን ያነበበ ሕልሙን ያገኛል፤ ሮዘንማንና ሮበርትስን ያነበበ ሒሳቡን። ስሜት ከፈለጋችሁ የመጀመሪያው ይሻላል። ኮንሰርት ወይም ትልቅ ዝግጅት የሚያሰናዳ ወዳጅ ኖሯችሁ ስጦታ ካሰባችሁ ግን ያለ ማመንታት ሁለተኛውን ግዙ። በደስታ የተሞላ ሜዳ ጀርባ የባንክ ብድር፣ የፖሊስ ፈቃድና የጎረቤት ክስ እንዳለ ከዚህ መጽሐፍ በላይ በግልጽ የሚናገር አላየሁም።

የቦብ ስፒትዝ «ቤርፉት ኢን ባቢሎን» (1979፣ በ2014 እንደገና የታተመ) የዝግጅቱን ወራት አንድ በአንድ የሚከተል ወፍራም የጋዜጠኛ ሥራ ነው። መረጃው የተትረፈረፈ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን በዘመኑ የመንገድ ቋንቋ የታጨቀ ስለሆነ ይከብዳል። ማኮወርን አንብቦ ጥማቱ ላልቆረጠለት እንጂ ለጀማሪ አልመክረውም።

የኤሊየት ታይበር «ቴኪንግ ዉድስቶክ» (2007) በ2009 በአንግ ሊ ፊልም ስለሆነ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ታይበር በአካባቢው የሞቴል ባለቤት ከሆነ ቤተሰብ የተገኘ ሲሆን፣ አዘጋጆቹን ከያስገር ጋር ያገናኘሁት እኔ ነኝ ይላል፤ የላንግ መጽሐፍ ደግሞ ከዚህ የተለየ ይተርካል። እንደ አንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ቢነበብ ደስ ይላል። ፌስቲቫሉን ለማወቅ አንድ መጽሐፍ ብቻ የሚገዛ ሰው ግን ከዚህ አይጀምር።

የሚታዩት

ከፎቶ መጻሕፍት ውስጥ እውነተኛው ፉክክር ባሮን ዎልማንና ኤልየት ላንዲ መካከል ነው። ሁለቱም እዚያ ነበሩ፣ ሁለቱም ጎበዞች ናቸው፣ መጽሐፎቻቸው ግን ሆድና ጀርባ ናቸው።

ዎልማን ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ1967 ሲጀምር የመጀመሪያው ዋና ፎቶ አንሺ ነበር፤ የሙዚቀኛ ምስል ሥራው ነው። ዉድስቶክ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜውን ከሕዝቡ ጋር አሳለፈ። በ2014 በሪል አርት ፕሬስ የታተመው «ዉድስቶክ» የተባለው መጽሐፉ ይህንን ያሳያል። አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። በመኪና የታነቀው መንገድና በእግሩ የሚተመው ወጣት፣ በኩሬው የሚታጠቡት፣ እስከ አድማስ በሰው የተሸፈነው ኮረብታ ሁሉ አሉ። መቅድሙን የጻፈው ካርሎስ ሳንታና ነው፤ በዚያ መድረክ ላይ ገና ብዙ ሰው ሳያውቀው ተጫውቶ የታወቀ ሰው ስለሆነ ቃሉ ክብደት አለው። ጥቁርና ነጭ መሆኑ ለአንዳንድ ገዢ ቅር ሊል ይችላል፤ የሂፒ ዘመን ሲባል የሚታሰበው ቀለም ነውና። እኔ ግን ቀለሙ ሲቀር ፊቱ ይወጣል ባይ ነኝ። በባለቀለም ፎቶ ዓይናችሁ ልብሱ ላይ ይቀራል፤ እዚህ ድካሙን፣ እንቅልፉን፣ ሳቁን ታያላችሁ።

ላንዲ በሌላ በኩል የዉድስቶክ ከተማ ነዋሪ ነበር። የቦብ ዲላንን የ1969 አልበም ሽፋን ፎቶ ያነሣው እሱ ነው፤ ዘ ባንድ የተባለውን ቡድንም ከቤታቸው ገብቶ አንሥቷቸዋል። ላንግ ሄዶ ፌስቲቫሉን እንዲያነሣ የጠየቀውም ስለዚህ ነው። መጽሐፉ «ዉድስቶክ ቪዥን» ይባላል፤ በ1994 ወጥቶ በ2009 በሰፊው ታትሟል። እዚህ ላይ ገዢ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ፌስቲቫሉ የመጽሐፉ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የጦርነት ተቃውሞ ሰልፎች፣ የኒውዮርክ የሮክ መድረኮች፣ ዲላን በቤቱ ይመጣሉ። ሦስቱን ቀናት ብቻ ለሚፈልግ ይህ ጉድለት ነው፤ ያ ትውልድ ከየት ተነሥቶ እዚያ ማሳ ላይ እንደደረሰ ለሚጠይቅ ደግሞ ከዎልማን ይልቅ ላንዲ ይመልስለታል።

አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ዎልማንን እወስዳለሁ። ቤት ውስጥ የዲላን አፍቃሪ ካለ ግን ላንዲን ግዙለት፤ ክርክር አያስፈልገውም።

የማይክ ኢቫንስና የፖል ኪንግስበሪ «ዉድስቶክ፦ ስሪ ዴይስ ዛት ሮክድ ዘ ወርልድ» (2009) የተዘጋጀው ፌስቲቫሉ በተካሄደበት ቦታ ካለው ከቤተል ዉድስ ሙዚየም ጋር ሲሆን መቅድሙ የማርቲን ስኮርሴዚ ነው፤ ስኮርሴዚ የፌስቲቫሉን ፊልም ካቀናበሩት አንዱ ነበር። ከአርብ ማታ ሪቺ ሄቨንስ እስከ ሰኞ ጠዋት ሄንድሪክስ ማን መቼ ወጣ፣ ምን ተጫወተ የሚለውን በቅደም ተከተል ይዟል። መድረኩን ለሚወድ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው። ፎቶዎቹ ከብዙ እጅ የተሰበሰቡ ስለሆኑ ግን እንደ ዎልማን መጽሐፍ አንድ ዓይን አይመራችሁም። በ2019 ላንግ በዚያው በሪል አርት ፕሬስ ያወጣው ትልቅ የፎቶ መጽሐፍም የብዙ ፎቶ አንሺዎች ስብስብ ነው። ከሁለቱ አንዱ ይበቃል፤ ሁለቱን አብሮ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል

የፎቶ ኅትመት መግዛት ከመጽሐፍ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንድ ፎቶ በተነሣበት ዘመን ከኔጋቲቩ የታጠበ ወይም በቅርብ ዓመታት በዲጂታል ማተሚያ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ የዋጋ ልዩነታቸው ሰማይና ምድር ነው። ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት። ኅትመቱ መቼ ወጣ? በቁጥር የተወሰነ ከሆነ ስንት ነው፣ ቁጥሩስ ሁሉንም መጠኖች ያካትታል ወይስ ለየመጠኑ ሌላ ቁጥር አለ? የፈረመው ፎቶ አንሺው ራሱ ነው ወይስ የወራሾቹ ማኅተም ነው? ፌስቲቫሉን ካነሡት አንዱ የሆነው ጂም ማርሻል በ2010፣ ዎልማን በ2020 ስላረፉ በእጃቸው የተፈረመ ኅትመት ከእንግዲህ አይጨመርም። አዲስ ወጣ እየተባለ «የተፈረመ» የሚቀርብላችሁ ከሆነ ማስረጃ ጠይቁ።

የፌስቲቫሉ ሁለት ፎቶ አንሺዎች እዚህ ላይ መነሣት አለባቸው። ሄንሪ ዲልትዝ በአዘጋጆቹ ተቀጥሮ መድረኩ ሲሠራ ጀምሮ ስለነበረ፣ ባዶው ማሳ በሰው ሲሞላ ያየ ነው፤ ሥራዎቹ እሱ ራሱ ከመሥራቾቹ አንዱ በሆነበት በሞሪሰን ሆቴል ጋለሪ ይሸጣሉ። በዚያን ጊዜ ማግነም የተባለው የፎቶ ኤጀንሲ አባል የነበረው በርክ አዝል ደግሞ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው የተቃቀፉትን ጥንዶች ያነሣው ነው፤ ምስሉ የ1970ው የፌስቲቫሉ አልበም ሽፋን ሆነ። ያ ፎቶ ፌስቲቫሉን በአንድ ምስል ጠቅልሎ ይዟል፤ ነገር ግን እውነተኛ ኅትመቱ ውድ ነው። አቅም ካልፈቀደ አልበሙን በሸክላ መግዛት ይቻላል፤ ፎቶው በሽፋኑ ላይ በትልቁ አለ፣ ሙዚቃውም አብሮ ይመጣል።

ጊታር አንገት ላይ የተቀመጠች ወፍ ያለበት ቀዩ ፖስተር የአርኖልድ ስኮልኒክ ሥራ ነው። ቅጂው ስፍር ቁጥር የለውም፤ እንደ ጌጥ በርካሽ ይገዛል፣ «የ1969 ዋናው» ተብሎ ሲቀርብ ግን ባለሙያ ሳያየው ገንዘብ አታውጡ። ዎልኪል የሚል ጽሑፍ ያለበት የዴቪድ ባይርድ የቀድሞ ፖስተር ከዚያ የባሰ ብርቅ ስለሆነ ለማጭበርበርም ምቹ ነው። ትኬት ከሆነ ያልተቆረጠ ዋና ትኬት ማግኘት የሚያስገርም አይደለም፤ በሩ ክፍት ስለነበር ብዙ ትኬት ሳይቆረጥ ቀርቷል። የሦስት ቀኑ ትኬት አስቀድሞ ለገዛ 18 ዶላር፣ በር ላይ 24 ዶላር ነበር። ሐሰተኛው ግን እዚህም አለ።

ከዘመኑ የወጣ ነገር በእጁ መያዝ ለሚፈልግ እኔ የምመርጠው የላይፍ መጽሔትን የ1969 ልዩ እትም ነው። የመጽሔቱ ፎቶ አንሺዎች ቢል ኤፕሪጅና ጆን ዶሚኒስ እዚያ ነበሩ፤ ትዝታ ሳይሆን ዜና ሆኖ ስለወጣ ገና ማንም ያላስዋበው ነው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ፣ ስፌቱ ላልቶ ሊሆን ስለሚችል የውስጥ ገጾቹን ፎቶ አስልካችሁ እዩ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ በሻንጣ ይዞላችሁ የሚመጣ ከሆነ ክብደቱን አስቡበት። የፎቶ መጻሕፍቱ ድንጋይ ናቸው፤ ማኮወርና ላንግ ግን ከልብስ መሐል ይገባሉ። ኅትመትና ፖስተር ተጠቅልሎ በጠንካራ ቱቦ እንጂ ታጥፎ አይመጣም። እዚያው አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ቤተልን እዩ፤ ከኒውዮርክ ከተማ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሙዚየሙ ከ2008 ጀምሮ ክፍት ነው፤ ማሳው በ2017 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገብቷል። ከዳገቱ ጫፍ ቆሞ መድረኩ የነበረበትን ማየት፣ ዎልማን ለምን ፊቱን ወደ ሕዝቡ እንዳዞረ ያስረዳል። መጻሕፍቱንም ሙዚየሙ ሱቅ ገልጦ አይቶ መምረጥ ይቻላል።