በሐዋሳ የሚሸጠው የኤመርሰንና የቶሮ ጥራዝ፦ የያዘውና የጎደለው

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ አካባቢ ካሉት ፎቶኮፒ ቤቶች በአንዱ፣ የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ለሚማሩ ተማሪዎች የተዘጋጀ በስፓይራል የታሰረ ጥራዝ ይሸጣል። በግራና በቀኝ የታተመ፣ 180 ገጽ ገደማ የሆነ ኤ4 ነው። ኤመርሰንና ቶሮ ትራንሰንደንታሊዝም የተባለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ የአስተሳሰብ እንቅስቃሴ ጸሐፊዎች ናቸው። በውስጡ የኤመርሰን «ኔቸር» (ተፈጥሮ) መግቢያና አንደኛ ምዕራፍ፣ «ሰልፍ ሪላያንስ» ተቆራርጦ፣ ከቶሮ «ዋልደን» ሦስት ምዕራፎች (የመጀመሪያው ግማሹ ብቻ)፣ ለመንግሥት ስለሚደረግ እምቢተኝነት የጻፈው መጣጥፍ ሙሉውን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከገጣሚው ዊትማን ጥቂት ገጾች አሉ። ከፊት ለፊት ስድስት ገጽ የአማርኛ መግቢያ ተጨምሮበታል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እዚህም እንደዚያው ተጽፈዋል።

ጥራዙን መግዛት ያዋጣል፤ እንዳለ ግን አይበቃም። ያሳጠረው ሰው ሐሳቡን ይዞ አጻጻፉን ቆርጧል። በእነዚህ ጸሐፊዎች ዘንድ ደግሞ አጻጻፉ ከተቆረጠ ሐሳቡም አብሮ ይሄዳል።

ከአማርኛው መግቢያ እንጀምር። ትራንሰንደንታሊዝምን «ተፈጥሮን የማፍቀር እንቅስቃሴ» ይለዋል። ይህ ተማሪን ያሳስታል። ቃሉ የመጣው ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከካንት ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ሎክ «በስሜት ሕዋሳት ያልገባ ነገር በአእምሮ ውስጥ የለም» የሚለውን አስተሳሰብ ሲያራምድ፣ ካንት ከልምድ የማይገኙ፣ ልምድ ራሱ የሚቆምባቸው ሐሳቦች አሉ ብሎ መለሰ። ኤመርሰንን ጨምሮ በአሜሪካ የቦስተንና የኮንኮርድ ሰዎች ይህን በብሪታንያውያኑ ጸሐፊዎች በኮልሪጅና በካርላይል በኩል ተቀብለው፣ ሰው እውነትን ያለ አማላጅ በውስጡ ያገኛል ወደሚል እምነት አሰፉት። ኤመርሰን በ1832 ከቦስተን ቤተ ክርስቲያን አገልግሎቱ የለቀቀው በቅዱስ ቁርባን ሥርዓት ጉዳይ መሆኑን ያወቀ አንባቢ፣ ነገሩ ስለ ዛፍና ስለ ወፍ ብቻ እንዳልሆነ ወዲያው ይገባዋል። በ1836 ስሙን ሳይጽፍ ባሳተመው «ኔቸር» ውስጥም ተፈጥሮን የሚተረጉመው «እኔ ያልሆነ ሁሉ» ብሎ ነው፤ የገዛ አካሉ ሳይቀር እዚያ ውስጥ ይገባል። በአማርኛ «ተፈጥሮ» ስንል ጠባይንም ጫካንም ስለምንል፣ መግቢያው ይህን በአንድ መስመር ማብራራት ነበረበት።

ሁለተኛው የትርጉም ስህተት ይብሳል። «ሰልፍ ሪላያንስ»ን «ራስን መቻል» ብሎታል። በእኛ አፍ ራሱን የቻለ ሰው የራሱ ደመወዝና የራሱ ኪራይ ቤት ያለው ነው። ኤመርሰን የሚናገረው ስለዚያ አይደለም። «በራስ መታመን» ቢባል ይቀርባል፤ ያም ቢሆን ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም የሚታመንበት «ራስ» የግል ምኞት አይደለም። በልቤ እውነት የሆነው ለሰው ሁሉ እውነት ነው ብሎ ማመን ነው። ስለዚህ ከዚሁ ከ1841ዱ የመጣጥፎች መጽሐፍ ውስጥ «ኦቨር ሶል» (የሁሉ የበላይ ነፍስ) የተባለውን አጠገቡ ማንበብ ግድ ይላል፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ወይም አምስት ገጾች ይበቃሉ። ጥራዙ ውስጥ የለም፤ አሳትማችሁ ጨምሩበት።

የኤመርሰን ዓረፍተ ነገር ለብቻው ይቆማል። በዓመታት ማስታወሻ ደብተሮቹ ያጠራቀመውን እየለቀመ ንግግር ያደርገዋል፤ ንግግሩን ደግሞ መጣጥፍ። ለካርላይል በጻፈው ደብዳቤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገሩ ሌላውን የሚገፋ ቅንጣት መሆኑን ራሱ ተናግሯል። «ስለዚህ» እና «በመሆኑም» ስለማይበዙበት ሦስት መስመር ቢወጣ ክፍተቱ ለዓይን አይታይም፤ የሚጠፋው በዓረፍተ ነገሮቹ መካከል ያለው መሳሳብ ነው። የከፋው ምሳሌ ስለ ወጥ አቋም የተናገረው ነው። ኤመርሰን የትንንሽ አእምሮዎች ጭራቅ ያለው «ሞኝ ወጥነትን» ነው። ጥራዙ «ሞኝ» የምትለውን ቅጽል ጥሏታል። ያቺ ቃል ከወደቀች ሰውየው አቋም የሌለውን ሁሉ የሚያሞግስ ይመስላል። ፈተና ላይ እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ የሚያስቆርጠው ነጥብ ትክክለኛ ነው።

ለማንበብ የሚበጀው ድምፅ አውጥቶ፣ በአንድ ቁጭታ ከአራት ገጽ ሳያልፉ ነው፤ ብዙው በመጀመሪያ የተጻፈው ለጆሮ ነውና። በየአንቀጹ ሌሎቹ የሚዞሩባትን አንዷን ዓረፍተ ነገር አስምሩ። ከላይ ዋና ሐሳብ፣ ከታች ማስረጃ እየፈለገ የሚያነብ ሰው በሦስተኛው ገጽ ይሰለቻል።

አሁን ወደ ቶሮ። ትልቁ ጉድለት ያለው እዚህ ነው። ቶሮ በዋልደን ኩሬ ዳር፣ በኤመርሰን መሬት ላይ ከሐምሌ 4 ቀን 1845 ጀምሮ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ከሁለት ቀን ኖረ። በ1854 ያሳተመው መጽሐፍ ግን ደጋግሞ እያረመ ጊዜውን ወደ አንድ ዓመት ያጠፈው ነው፤ በበጋ ይጀምርና በጸደይ ያበቃል። ጥራዙ «ኢኮኖሚ» ከሚለው የመጀመሪያ ምዕራፍ ምክሮቹን ይዞ የሂሳብ ሰንጠረዦቹን በሙሉ ቆርጦ ጥሏቸዋል። የምዕራፉ ልብ ግን ሂሳቡ ነው። 10 ጫማ በ15 ጫማ የሆነች ቤት በ28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ሠራ። ሳንቃ 8 ዶላር ከ3 ሳንቲም ተኩል፣ አንድ ሺህ አሮጌ ጡብ 4 ዶላር፣ ምስማር 3 ዶላር ከ90፣ ጠመኔ 1 ሳንቲም። ኖራው ላይ «ውድ ነበር» ብሎ ይጽፋል፤ ማጓጓዣው ላይ ደግሞ ብዙውን በጀርባው መሸከሙን። ከዚያ የካምብሪጅ ኮሌጅ (የዛሬው ሃርቫርድ) ተማሪ ከዚህች ቤት ትንሽ ለምትሰፋ ክፍል በዓመት 30 ዶላር ኪራይ እንደሚከፍል ያነሳል። ለተማሪ ከዚህ የበለጠ የሚነካ ገጽ የለም! የዘራው ባቄላ ሂሳብም እንዲሁ ነው፤ ወጪው 14 ዶላር ከ72 ሳንቲም ተኩል፣ ትርፉ 8 ዶላር ከ71 ሳንቲም ተኩል።

«የአንድ ነገር ዋጋ ለእሱ የሚሰጠው የሕይወት መጠን ነው» የሚለው ሐሳቡ ክብደት የሚያገኘው ከዚያች የ1 ሳንቲም ጠመኔ ነው። ሰንጠረዡ ሲቆረጥ «ኑሮን አቅልሉ» የሚል ምክር ብቻ ይቀራል፤ ምክርማ ከማንም ይገኛል።

የቶሮ ቋንቋ ለአማርኛ አንባቢ ያን ያህል ባዕድ አይደለም፤ ሰምና ወርቅ ለምዶ ያደገ ቶሎ ይይዘዋል። በእንግሊዝኛ «ስሊፐርስ» የባቡር ሐዲድ የሚተኛበት እንጨት ነው፤ የተኙ ሰዎችም ማለት ነው። ቶሮ ባቡሩ በእኛ ላይ ይሄዳል ካለ በኋላ፣ ከሐዲዱ ሥር ያሉት «ስሊፐርስ» እያንዳንዳቸው ሰው ናቸው ይላል። ሰሙ እንጨት፣ ወርቁ ሐዲዱን ሲዘረጋ ያለቀው ሠራተኛ። ጥራዙ ይህን ክፍል ይዟል፤ የግርጌ ማስታወሻ ስለሌለው ግን መዝገበ ቃላት ያልያዘ አንባቢ ወርቁን ሳያገኝ ያልፈዋል።

«ዘ ፖንድ ኢን ዊንተር» (ኩሬው በብርዱ ወቅት) የተሰኘው ምዕራፍ ተሟልቶ መግባቱ የጥራዙ ትልቁ በጎ ነገር ነው። ከሐዋሳው ፍቅር ሐይቅ ሆኖ ውሃ ሲያይ ለኖረ ሰው፣ ሐይቅ ሰው እስኪሄድበት በብርድ መጋገሩና በረዶው ተቆርጦ መሸጡ እንግዳ ስለሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይረዳል። የመንደሩ ሰዎች ኩሬው ወለል የለውም ይሉ ነበር። ቶሮ በ1846 መጀመሪያ ላይ በረዶውን እየበሳ በኮምፓስ፣ በሰንሰለትና በገመድ ለካው፤ ጥልቁ ቦታ 102 ጫማ፣ 31 ሜትር ገደማ ሆነ። ከለካ በኋላ ነው ኩሬው ለምሳሌነት ጥልቅና ንጹሕ ሆኖ በመፈጠሩ የሚያመሰግነው። እነዚህን ጸሐፊዎች ሕልመኞች ናቸው የሚል ካለ ይህን ምዕራፍ ስጡት።

የእምቢተኝነቱ መጣጥፍ ርዕስ ላይ መግቢያው ተሳስቷል። ቶሮ ባርነትንና የሜክሲኮን ጦርነት በመቃወም የነፍስ ወከፍ ግብር አልከፍልም ብሎ በሐምሌ 1846 አንድ ሌሊት ታሰረ። ጽሑፉ በ1849 ሲወጣ ርዕሱ «ሬዚስታንስ ቱ ሲቪል ገቨርንመንት» (መንግሥትን መቃወም) ነበር። «ሲቪል ዲስኦቢዲየንስ» (ሕዝባዊ እምቢተኝነት) የተባለው እሱ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1866 ነው።

ኅትመቱ ይነበባል፤ ነገር ግን የስፓይራሉ ቀዳዳ በአንዳንድ ገጾች የመስመሩን ጫፍ በልቶታል። ሲታሰርላችሁ ከማሰሪያው በኩል 2 ሴንቲሜትር ባዶ እንዲተው ጠይቁ። የጎደሉትን ገጾች ከፕሮጀክት ጉተንበርግ ድረ ገጽ በነፃ አውርዳችሁ በፍላሽ ብትወስዱ እዚያው ያትሙላችኋል። መጀመሪያ የ«ኢኮኖሚ»ን ሰንጠረዦች፣ ቀጥሎ «ሰልፍ ሪላያንስ»ን ሳይቆረጥ፣ ከዚያ «ኦቨር ሶል»ን።

የዚሁ እንቅስቃሴ ጸሐፊ የሆነችው ማርጋሬት ፉለር ጥራዙ ውስጥ በስም እንኳ አልተነሳችም። «ዘ ዳያል» የተባለውን የእነዚህን ሰዎች መጽሔት ከ1840 እስከ 1842 ያዘጋጀችው እሷ ናት፤ ኤመርሰን የተረከበው ከእሷ ነው። በ1843 እዚያው ያወጣችውን መጣጥፍ አስፍታ በ1845 ስለ ሴቶች መጽሐፍ አደረገችው። ነፍስ ሁሉ ያለ አማላጅ እውነትን ያገኛል ከተባለ፣ የሴት ነፍስ ለምን በአባትና በባል በኩል ይጠየቃል ብላ የእንቅስቃሴውን ሐሳብ በእንቅስቃሴው ሰዎች ፊት አቆመችው። ከመጽሐፏ አሥር ገጽ ከዊትማን በፊት ይታሰር።