ለቤታችሁ ጉዳት ‹‹የመጨረሻ ክፍያ›› የሚል ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት

መኪና የቤታችሁን ግድግዳ ደርምሶባችሁ ከባለመኪናው መድን ሰጪ ጋር የምትነጋገሩ ሁሉ፣ ‹‹ለዚህ አደጋ የሚገባኝን ካሳ በሙሉ ተቀብያለሁ፤ ወደፊት ከኩባንያውም ሆነ ከመድን ገቢው ምንም አልጠይቅም›› የሚል ወረቀት ከቼክ ጋር ሲቀርብላችሁ፣ የቼኩን መጠን ከማየታችሁ በፊት ወረቀቱን ደጋግማችሁ እንድታነቡት ለማሳሰብ ይህን እጽፋለሁ። እኔ ያንን ወረቀት ለመፈረም እስክሪብቶ ጨብጬ ነበር። በዚያን ዕለት የቀረበልኝ 37,700 ብር ሲሆን፣ ለዚያው ጉዳት በመጨረሻ የተከፈለኝ 145,000 ብር ነው። የኩባንያውን ስም አልጠቅስም፤ በሌሎች ኩባንያዎች የተጉላሉ ሰዎች ያጫወቱኝ ከእኔው ታሪክ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ነገሩ የአንድ ድርጅት አመል ብቻ አይመስለኝም።

ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ዳር ነው። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. አንድ ማለዳ፣ አሸዋ የጫነ አይሱዙ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ አልይዝ ብሎት የአጥራችንን ብሎኬት አፈረሰ፤ የመብራት ቆጣሪውን ከነሳጥኑ ነቅሎ የሳሎኑን ማዕዘን መታና ቆመ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ሾፌሩ ልጅ እግር ነበር፤ ጎረቤቶች ያቀረቡለትን ውኃ ሲጠጣ እጁ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ግማሹ ደረቱ ላይ ይፈስ ነበር። ባለመኪናው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣና ‹‹ፖሊስ አይጠራ፤ ግድግዳውን እኔው አስጠግናለሁ፤ በእርቅ እንጨርሰው›› አለ። ሰውየው ጨዋ ስለሆነ ልቤ ወደ እሺታው አዘንብሎ ነበር። አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ግን ወደ ጎን ወስደውኝ፣ ‹‹ልጄ፣ እርቁ ይደርሳል፤ መኪናው ከተነሣ በኋላ ግን ፕላን አይነሣም›› አሉኝ።

የእርሳቸውን ምክር ባልሰማ ኖሮ ከዚህ በታች የምተርከው ሁሉ ባልኖረ ነበር። የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) አነሣ፤ እኔም መኪናው ከግድግዳው ሳይወጣ ሰሌዳውን፣ በመስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን ስቲከር፣ የሾፌሩን መንጃ ፈቃድና ሊብሬውን በስልኬ ፎቶ አነሣሁ። ፎቶዎቹን ያነሣሁት አስቤበት ሳይሆን ግራ ስለገባኝ ነበር። ይሁን እንጂ ኩባንያው በሁለተኛው ሳምንት ‹‹ደንበኛችን አደጋውን ስላላሳወቀን ፋይል ልንከፍት አንችልም›› ሲለኝ፣ የስቲከሩ ፎቶና የፖሊሱ ማስረጃ ባይኖሩ ኖሮ የምመልሰው አልነበረኝም። ባለመኪናውን ይዤ ሄጄ የአደጋ ማስታወቂያ ቅጹን እዚያው እንዲሞላ አደረግሁ።

ጉዳቱን እንዲገምት ኩባንያው የላከው ገማች የመጣው በአምስተኛው ሳምንት ነው። ቆይታው ሃያ ደቂቃ አይሞላም። በሜትር የለካው የፈረሰውን አጥርና የተመታውን ማዕዘን ብቻ ሲሆን፣ ሳሎን ገብቶ ከኮለኑ ሥር ተነሥቶ እስከ ኮርኒሱ የሚወጣውን፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ እንዲያይ ብለምነው ‹‹እሱ የቆየ ነው›› ብሎ በሩ ላይ ቆሞ ተመለሰ። ስንጥቁ በቆየ ኖሮ ባለፈው ፋሲካ የቀባነው ቀለም በውስጡ በታየ ነበር፤ ጠርዙ ግን ጥሬ ሲሚንቶ ነው። ይህን በዚያው ዕለት በጽሑፍ አለማስመዝገቤ ኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል። ቆጣሪውንም ‹‹የእናንተ ንብረት አይደለም›› ብሎ ከግምቱ አወጣው፤ ሆኖም ማስተከያውን የከፈልነው እኛ ስለሆንን ደረሰኙ በእጃችን ነበር።

ከዚያ ክረምት ገባ። ጣሪያውን በአራት የባሕር ዛፍ አጣና ደግፈን፣ በማዕዘኑ ላይ ሸራ ወጥረን ሰኔንና ሐምሌን አሳለፍን። ‹‹ኩባንያው ሳያይ እንዳትነኩት›› ስለተባልን ማስጠገን አልቻልንም። በነሐሴ ተጠርቼ ስሄድ ጠቅላላ ግምቱ 58,000 ብር፣ የእርጅና ተቀናሹ 35 በመቶ፣ የሚከፈለኝ 37,700 ብር እንደሆነ ተነገረኝ። ወረቀቱ የተዘረጋልኝ ያኔ ነው። የካሳ ክፍሉ ሠራተኛ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ‹‹ዛሬ ካልወሰዱት ፋይሉ ወደ ዋና መሥሪያ ቤት ይመለስና ስንት ወር እንደሚፈጅ አላውቅም›› ያለኝም እንደ ወዳጅ ነው። ለሦስት ወር በአጣና ተደግፎ የኖረ ሰው ደግሞ ይህን ሲሰማ ያለችውን ይዞ መሄድ ያምረዋል። መዘግየቱ ታስቦበት ይሁን አይሁን ለመፍረድ አልችልም፤ ውጤቱ ግን ባለጉዳዩን አድክሞ ማስፈረም ነው።

ያላስፈረመኝ ‹‹ከመድን ገቢው›› የምትለዋ ቃል ናት፤ መድን ገቢው ባለመኪናው ነውና። ከኩባንያው ጋር ስጨርስ ባለመኪናውን ለምን ነፃ አወጣለሁ ብዬ ወረቀቱን ለማማከር ይዤ ልውጣ ስል አልተፈቀደልኝም፤ ፎቶ አንሥቼ ወጣሁ። አንድ የሕግ ባለሙያ ዘመዴ አይቶት ያስረዳኝን በአጭሩ ላስቀምጥ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መሠረት መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው። መድን ሰጪው የሚከፍለው እርሱን ተክቶ ሲሆን፣ ያውም እስከ ጣሪያው፣ ማለትም ሕጉ እስከወሰነው ከፍተኛ መጠን ብቻ ነው፤ በጊዜው ይሠራበት በነበረው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 የንብረት ጉዳት ጣሪያው 100,000 ብር ነበር። ከጣሪያው በላይ የሆነው የባለመኪናው ዕዳ ነው። ስለዚህ ያቺን ወረቀት የሚፈርም ሰው ከኩባንያው የሚቀረውን ብቻ ሳይሆን ከባለመኪናው የሚፈልገውንም አብሮ ያጣል፤ ሕጉ እርቅን በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ስለሚቆጥረው፣ ኋላ ‹‹አላወቅሁም ነበር›› ብሎ መመለስ እጅግ ከባድ ነው። እናንተ አደጋ ሲደርስባችሁ በሥራ ላይ ያለው ጣሪያ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ ባለመኪናው ተጨማሪ ሽፋን ገዝቶ እንደሆነም የውሉን ኮፒ አሳዩኝ በሉት።

ወረቀቱን እንደማልቀበል በደብዳቤ አሳወቅሁ። ከዚህ በኋላ በቃል የተናገርኩት ነገር የለም ማለት እችላለሁ፤ እያንዳንዱን ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገቢ አድርጌ ኮፒው ላይ ቀንና ማኅተም አስመታሁ። ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ቀጥሬ በሠራው ዝርዝር ግምት ኮለኑን ማፍረስና ማቆም፣ ኮርኒሱ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ቀለሙና የቆጣሪው ደረሰኝ ተደምረው 168,400 ብር ሆኑ። መሐንዲሱን ለመቅጠር ያወጣሁት ገንዘብ አንገብግቦኝ ነበር፤ ዛሬ ግን በዚህ ጉዳይ ከከፈልኩት ሁሉ የማልቆጭበት እርሱ ነው። ኩባንያው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ገማች ልኮ፣ ገማቹ ሳሎን ገብቶ ስንጥቁን ካየ በኋላ ‹‹በክረምቱ ዝናብ የመጣ›› ብሎ ጻፈ። የመጀመሪያው ገማች በግንቦት ‹‹የቆየ ነው›› ያለውን ስንጥቅ ማለቱ ነው። ያዳነኝ በአደጋው ማግስት የተነሣ ፎቶ ነው፤ በፎቶው ላይ ስንጥቁና ከሥሩ የረገፈው ምርጊት አብረው ይታያሉ።

የመድን ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ስለሆነ በታኅሣሥ አቤቱታዬን አስገባሁ። እዚያ የምትሄዱ ሰዎች የምትጠብቁትን እወቁ፤ ባንኩ የእናንተን ግምትና የኩባንያውን ግምት አመዛዝኖ የሚፈርድ ፍርድ ቤት አይደለም። እኔን የጠቀመኝ ኩባንያው እስከዚያ በቃል ብቻ ይለኝ የነበረውን ምክንያት በጽሑፍ እንዲመልስ መገደዱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምክንያቱን መቀያየር አልቻለም።

ከሁሉ አጥብቄ የማስጠነቅቀው ስለ ጊዜው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳት የደረሰበት ሰው የካሳ ክሱን ማቅረብ ያለበት ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ‹‹ጉዳይዎ እየታየ ነው›› የሚል ደብዳቤ ቀኑን ያቆማል ብላችሁ አትዘናጉ። እኔ ራሴ ሁለት ዓመቱ ሊሞላ አምስት ወር እስኪቀረው ድረስ ነገ ዛሬ እያልኩ ቆየሁ፤ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ባለመኪናውንና ኩባንያውን አንድ ላይ አድርጌ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክስ መሠረትኩ። ባለመኪናውን መክሰሱ ከብዶኝ ነበር። ቀድሜ ቤቱ ሄጄ ነገርኩት፤ ‹‹እኔም ኩባንያውን በየዓመቱ የምከፍለው ለዚህ ቀን ነበር›› አለኝ።

ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤቱ አስማሚ ተመርቶ በየካቲት አለቀ። ኩባንያው 100,000 ብሩን በሙሉ፣ ባለመኪናው ደግሞ 45,000 ብር በሦስት ጊዜ ለመክፈል ተስማሙ፤ 23,400 ብሩን እኔ ተውኩ። የቀበሌ ቤት ተከራይ የሆናችሁ ሰዎች ግን የግድግዳው ጉዳይ የባለቤቱ ስለሆነ አደጋውን በዚያው ቀን ለወረዳው የቤቶች ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አሳውቁ፤ የተሰባበረባችሁን ዕቃ ካሳ ለብቻው መጠየቅን አትርሱ።

የመዝጊያ ወረቀቱን በመጨረሻ ፈርሜዋለሁ፤ የፈረምኩት ግን የኩባንያው ገንዘብ ሒሳቤ ከገባ በኋላ ሲሆን፣ ‹‹ከመድን ገቢው›› የምትለዋን ቃል በእስክሪብቶ ሰርዤ፣ በስረዛው ጎን እኔም የኩባንያው ተወካይም ፈርመንበታል። የባለመኪናው ሁለት ክፍያዎች ገና ይቀሩ ነበር።