ሰፊ እግርና የተራራ ጫማ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

እግሬ ሰፊ ነው። እናቴ "የአያትሽን እግር ነው የወረስሽው" ትለኛለች። ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ከደሴ ወጥቼ ወደ ገጠር ቀበሌዎች እሄዳለሁ። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። የክትባቱን ሳጥን አንግቼ ዳገቱን ወጥቼ ቁልቁለቱን ወርጄ ስመለስ ይመሻል። ጫማዬ ከመታኝ ያን ቀን ሥራ የለም።

አሁን የምጽፍላችሁ ባለፈው ጥቅምት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ በሚባለው ቦታ፣ ከሰልባጅ ላይ ስለገዛሁት የተራራ ጫማ ነው። ዋጋው 3,800 ብር ነበር። የምርቱን ስም አልጽፍም፤ ሰልባጅ ላይ ያንኑ ጫማ ፈልጋችሁ አታገኙትም። አንድ ጥንድ ይመጣል፣ ይሸጣል፣ አለቀ። የሚጠቅማችሁ እንዴት እንደመረጥኩት ማወቅ ነው።

እስከ ዓምና ድረስ አንድ ስህተት ስሠራ ኖሬያለሁ። ጫማ ጎኑ ሲጠበኝ ቁጥር እጨምር ነበር። ልኬ 40 ነው፣ 42 እገዛለሁ። ጎኑ ይስማማኛል። ግን ተረከዜ በየእርምጃው እየተነሳ ይላጣል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ እግሬ ወደፊት ይንሸራተትና ጣቶቼ ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫሉ። አንድ ቀን ከጦሳ ተራራ ስወርድ የሁለቱም አውራ ጣቶቼ ጥፍር ጠቆረ። የግራው ከሦስት ሳምንት በኋላ ወለቀ።

ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። በአውሮፓ አለካክ አንድ ቁጥር ማለት የአንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው፤ 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከ40 ወደ 42 ስትሄዱ ጫማው ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። ስፋቱ የሚጨምረው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ጫማው የሚታጠፍበት ቦታ ወደፊት ይሸሻል። እግራችሁ በአንድ ቦታ ይታጠፋል፣ ጫማው በሌላ።

ይህን ያስረዳኝ ካናዳ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። በብርዱ ወራት የስኪ፣ ማለትም በበረዶ ላይ መንሸራተቻ፣ ጫማ በሚከራይበት ቤት ይሠራል። የስኪ ጫማ ውጪው ደረቅ ፕላስቲክ ስለሆነ እንደ ቆዳ እግርን እየለመደ አይሄድም። ስለዚህ እዚያ ልክ ማለት ቀልድ አይደለም። ርዝመቱ የሚጻፈው በእግር ሴንቲ ሜትር ነው። ስፋቱ ደግሞ በሚሊ ሜትር፦ 98 ጠባብ፣ 100 መካከለኛ፣ ከ102 ወዲያ ሰፊ። የውስጡን ለስላሳ ሽፋን አውጥተው እግርን ባዶው ፕላስቲክ ውስጥ ያስገባሉ። ጣቶች ፊቱን ነካ ሲያደርጉ ከተረከዝ ኋላ አንድ ወይም ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከቀረ ርዝመቱ ልክ ነው። ሰፊ እግር ያለው ሰው መጥቶ "ቁጥር ጨምሩልኝ" ሲል እሱ በዚያው ቁጥር ሰፋ ያለውን ያመጣለታል። ሰውየውም መጀመሪያ አያምንም አለኝ። እኔም አላመንኩም ነበር።

"ስሚ፣ እግርሽን ለኪው" አለኝ። "ግን በጠዋት እንዳትለኪ።" እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆሙበት ያብጣል። ስለዚህ ከሥራ ስመለስ፣ ማታ፣ ወለሉ ላይ ካርቶን ዘረጋሁ። ወፍራም ካልሲዬን አድርጌ ቆምኩበት። እርሳሱን ቀጥ አድርጌ ይዤ ዙሪያውን አሰመርኩ። ቀኝ እግሬ 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 10.2 ስፋት። ግራው ርዝመቱ ያው ሆኖ ስፋቱ 10.4። የብዙ ሰው ሁለት እግር እኩል አይደለም፤ ልክ የሚወሰደው በትልቁ ነው። ካርቶኑን በመቀስ ቆርጬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሁለተኛው ምክሩ የወንድ ጫማ እንድሞክር ነበር። በአሜሪካ አለካክ ስፋት በፊደል ይጻፋል። ለሴት መደበኛው ቢ ነው፣ ለወንድ ዲ። እኩል ርዝመት ካላቸው የወንዱ ይሰፋል ማለት ነው። ለወንድ ሁለት ኢ የሚል ከሆነ ሰፊ ነው፣ አራት ኢ ደግሞ በጣም ሰፊ። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ምላሱ ላይ በተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ላይ ይገኛል። ሰልባጅ ላይ ብዙ ጊዜ ተፍቆ ነው የሚመጣው፤ ግን ፈልጉት።

ሰኞ ገበያ ሁለት ሰዓት ፈጀሁ። የመጀመሪያው ሻጭ ጠባብ ጫማ አስሞክሮኝ "አብሽሪ እህቴ፣ ቆዳ ነው፣ ስታደርጊው ይሰፋል" አለኝ። ቆዳ ትንሽ ይሰጣል፣ እውነት ነው። ሶሉ ግን አይሰፋም። የተራራ ጫማ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዙሪያውን በጎማ የታሰረ ስለሆነ፣ በጣም በሚያስፈልጋችሁ ቦታ ላይ ምንም አይለጠጥም። ቆሜ የጠበበኝ ጫማ ኩታበር ስደርስ አይሰፋልኝም። አመስግኜው ሄድኩ።

አራተኛው ቦታ ላይ የወንድ 41፣ ሁለት ኢ የሚል አገኘሁ። የውስጡን ሶል አወጣሁና ካርቶኔን ላዩ ላይ አስቀመጥኩ። ካርቶኑ ከጎንና ከጎን አልወጣም። ከፊት አንድ ጣት ያህል ቀረ፤ ለቁልቁለት የሚያስፈልገው ያ ነው። ቀጥሎ ሶሉን መልሼ፣ ካልሲዬን ለብሼ፣ ክሩን አስሬ ከቆምኩ በኋላ የጫማውን አፍንጫ መሬት ላይ ጠቅ ጠቅ አደረግሁ። ጣቶቼ አልነኩም። ደረጃ ላይ ወጣሁ፣ ወረድኩ። ተረከዜ አልተነሳም። ሻጩ ታገሰኝ፤ አላህ ይስጠው።

የመጀመሪያውን ወር በደንብ አስታውሳለሁ፣ ምክንያቱም ምንም አልሆንኩም። ውሃ አልቋጠርኩም። ማታ እግሬን ሳጥብ የትንሿ ጣቴ ጎን አልቀላም። ለሰላሳ ሁለት ዓመት ሴት ይህ አዲስ ነገር ነበር። ኩታበር አንዲት እናት ጊደራቸውን እየከተብኩ ጫማዬን ዐይተው "ልጄ፣ ይሄ የወንድ አይደለም እንዴ?" አሉኝ። "የወንድ ነው እማማ" አልኳቸው። "እግርሽን ካልመታሽ ምን ቸገረሽ!" አሉ።

ኮምቦልቻ ግን አንድ ነገር አስተማረኝ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ሐረጎ የሚባለውን ቁልቁለት ወርደን ከ1,900 ሜትር በታች ነው፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። ጠዋት ደሴ ላይ በብርድ ያሰርኩት ጫማ እኩለ ቀን ኮምቦልቻ ላይ ግራ እግሬን ጨመቀኝ። መፍትሔው ክር አስተሳሰር ላይ ነበር። እግሬ በሚሰፋበት ቦታ ላይ ክሩን አላጠላልፈውም፤ በየጎኑ ቀጥ አድርጌ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ አሳልፈዋለሁ። ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ቁርጭምጭሚት አጠገብ፣ ሁለት ጊዜ ጠምዝዤ አጠብቃለሁ። ፊቱ ይላላል፣ ተረከዙ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ሐረጎን ስንወርድ መኪና ውስጥ ፈታ አደርገዋለሁ፣ ስንደርስ መልሼ አስራለሁ።

አሁን ወደ ጉድለቱ። መጋቢት ላይ፣ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር፣ የቀኙ ሶል ከፊት አፉን ከፈተ። ይህ የሰልባጅ ተራራ ጫማ ትልቁ አደጋ ነው። በብዙዎቹ ሶል ውስጥ ያለው ፖሊዩረቴን የሚባለው ለስላሳ ክፍል በእርጥበትና በዕድሜ ይበሰብሳል፣ ጫማው ባይደረግም እንኳ። ላዩ አዲስ ይመስላል፣ ሆዱ አርጅቷል። ስትገዙ ሶሉን በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት፣ ጫማውንም በደንብ እጠፉት። ከተሰነጠቀ ወይም ከተፈረፈረ ተዉት። እኔ ጫን አላልኩትም። ደግነቱ የእኔ ማስቲሹ ብቻ ነበር የለቀቀው። ፒያሳ አካባቢ ያሉ ጫማ ሰፊ አባት አጣብቀው ዙሪያውን በወፍራም ክር ሰፉልኝ። 250 ብር ከፈልኩ። እስካሁን ንቅንቅ አላለም።

ውሃውን ግን አልቻልነውም። ከሰኔ ጀምሮ ጣቶቼ በሚታጠፉበት መስመር ላይ ውሃ ያስገባል። ቀለም የሌለው ቅባት በየሳምንቱ እቀባዋለሁ፤ ለሁለት ቀን ይይዛል። የእነ ቦሩ ሜዳ የሐምሌ ጭቃ ከሁለት ቀን በላይ ነው። ሌላ ካልሲ ይዤ እወጣለሁ። ማታ ጋዜጣ ጠቅጥቄበት ከምድጃው ርቆ አስቀምጠዋለሁ። እሳት አጠገብ ቆዳው ይደርቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል።

ደግሜ እገዛው ነበር? አዎ፣ ውሃ እያስገባም። ጥፍሬ ሙሉ በሙሉ በቅሏል። ባለፈው ማክሰኞ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ካርቶንሽን አውሺኝ ብላ ለመነችኝ፤ ሰኞ ገበያ ልትሄድ ነው። የእኔ ለእሷ አይሆንም አልኳት። ቢሮ ወለል ላይ አዲስ ካርቶን ዘርግተን የእሷን አሰመርን። ርዝመቷ 24፣ ስፋቷ ከእኔ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ያንሳል። ስንት ዓመት 41 ስታደርግ ኖራለች።