የፖሊስን የጦር መሣሪያ ማን ይገድበው? የበላይ ትእዛዝ ወይስ የአካባቢ ምክር ቤት

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር «1033» በተባለው ፕሮግራም ትርፍ የጦር መሣሪያና ተሽከርካሪ ለአካባቢ ፖሊስ ይሰጣል። ይህን ለመገደብ ከተሞከሩት መንገዶች ሁለቱን ላነጻጽር።

አንደኛው ከላይ የሚወርድ ትእዛዝ ነው። በሚዙሪ ግዛት ፈርጉሰን ከተማ ፖሊስ አንድ ጥቁር ወጣት በመግደሉ ከተነሣው ተቃውሞ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የኦባማ አስተዳደር በሰንሰለት የሚሄዱ ብረት ለበሶችን፣ የቦምብ ማስወንጨፊያንና ሳንጃን ለፖሊስ እንዳይሰጡ ከለከለ። ፈጣን ነው፤ አገሩን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይይዛል። ችግሩ፣ በ2017 ትራምፕ በአንድ ፊርማ ሻሩት።

ሁለተኛው በ2021 የወጣው የካሊፎርኒያ ሕግ ነው። ፖሊስ የመሣሪያውን ዓይነት፣ ብዛት፣ ዋጋና የሚጠቀምበትን ሁኔታ ጽፎ ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል፤ የአካባቢው ምክር ቤት በግልጽ ስብሰባ ካላጸደቀው ግዢም ሆነ ከፕሮግራሙ መረከብ የለም። በየዓመቱም ምን ላይ እንደዋለ ሪፖርት ይቀርባል። አዝጋሚ ነው፤ ምክር ቤቱ ፖሊስን የሚፈራ ከሆነ ደግሞ ማኅተም ከመምታት አያልፍም።

ወደ ጎጃም ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ገበያ መካከል ፖሊስ ክላሽ አንግቶ ቢቆም ዞር ብሎ የሚያየው የለም። የክልከላው ዝርዝር ከየትኛው መሣሪያ ሊጀምር ነው? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 52 ፖሊስ የማደራጀቱን ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል፤ ወረዳም የራሱ ምክር ቤት አለው። ስለዚህ እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፣ ምክር ቤቱ «አይሆንም» ብሎ በሰላም ቤቱ መግባት እስከቻለ ድረስ። ካልቻለ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ሳንጃን በስሙ ጠርቶ የከለከለ ትእዛዝ ቢያንስ ለትርጉም ክርክር አይመችም።