የቦይለር ጥገና፦ ከካቻቪቴ በፊት ቴስተር ያነሳው ልጅ

ባጭሩ፣ ቤት ድረስ መጥተው ቦይለር የሚጠግኑትን ልጆች ወድጃቸዋለሁ። ድጋሚም እጠራቸዋለሁ። ቅር ያሉኝ ነገሮችም ስላሉ እነሱንም እጽፋለሁ።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ቦይለሩ በበራ ቁጥር ብሬከሩ ይወርዳል። አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴ ውሃው ሞቅ ማለት ሲጀምር። ከሌላ ቦታ ተጠርቶ መጀመሪያ የመጣው ሰው ክዳኑን እንኳ አልፈታም። ጎኑን በእጁ መታ መታ አደረገና "ይሄ አልቆለታል፣ አዲስ ይግዙ" አለ። የመምጫውንም ሂሳብ ተቀበለ። ታንከሩ አልዛገ፣ አይንጠባጠብ፣ ታዲያ በምን አወቀ? ስጠይቀው "ልምድ ነው" ብሎኝ ወጣ።

እነዚህኞቹ የላኩት ልጅ አሠራሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ ብሬከሩን አወረደ። ክዳኑን ከፈተና ሽቦዎቹ ላይ ኃይል አለመኖሩን በቴስተር አረጋገጠ። ማብሪያው ጠፍቷል ብሎ እጅ መክተት አይቻልም፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ማብሪያ የሚያቋርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው፣ ሽቦ የዘረጋው ሰው ተሳስቶ ከሆነ ደግሞ የቀረው ኃይል ያለበት ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ያደረገውን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፣ ጎበዝ ጠጋኝ የሚለየው እዚች ጋ ነውና። የሬዚስታንሱን፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት፣ ሽቦዎች ነቀለና በሁለቱ ጫፎች መሃል ለካ። ቴስተሩ 24 ኦም አካባቢ አሳየ። የእኛ ሬዚስታንስ 2,000 ዋት ነው። 220 ቮልትን በራሱ አባዝታችሁ ለ2,000 ስታካፍሉት የሚመጣውም 24 አካባቢ ነው። ስለዚህ ሬዚስታንሱ አልተቃጠለም። ብዙው ሰው እዚህ ላይ ያቆምና "ሬዚስታንሱ ደህና ነው፣ ቴርሞስታቱን (ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን) እንቀይር" ይላል። ልጁ ግን አላቆመም። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ሬዚስታንሱ ላይ እንደያዘ ሌላውን የታንከሩ ብረት ላይ አሳረፈው። በዚህ በኩል ምንም መነካካት መኖር የለበትም። ቁጥር መጣ። "ይዩት፣ ወደ ብረቱ እያፈሰሰ ነው" አለኝ። የሬዚስታንሱ የላይኛው ሽፋን ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበታል፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ግን ገና አልተበጠሰም። ብሬከሩ የሚወርደው ለዚህ ነው። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ ለማጥፋት የተሠራ ብሬከር ስለሆነ ሥራውን እየሠራ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከልቤ ልናገር። ብሬከር እንዳይወርድ ብለው የመሬት ሽቦውን የሚነቅሉ ሰዎች አሉ። አዎ፣ አንዳንዴ ብሬከሩ መውረዱን ያቆማል። የሚያፈሰው ኤሌክትሪክ ግን የትም አልሄደም፣ ሻወር ስር የሚቆመውን ሰው ነው የሚጠብቀው። እንዲህ አድርጌ ልሥራላችሁ የሚል ጠጋኝ ከመጣ በሩን አሳዩት።

ውሃውን አንጠፍጥፎ ሬዚስታንሱን ሲያወጣው ደነገጥኩ። ነጭ ቅርፊት ዙሪያውን ለብሷል፣ በጥፍር ሲነካ እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተሰነጠቀ ይረግፋል። ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲሞቅ የሚጥለው ነው። ቅርፊቱ ሲወፍር ሙቀቱ ወደ ውሃው መውጣት ያቅተዋል፣ ሬዚስታንሱ ራሱን ይጠብሳል፣ መጨረሻ ላይ ይሰነጠቃል። ቦይለራችሁ ሲሞቅ የመንጣጣት ድምፅ ማሰማት ከጀመረ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው፣ ብሬከር እስኪወርድ አትጠብቁ።

የማግኒዥየም ዘንጉንም አወጣው። ይቺ ዘንግ በታንከሩ ብረት ፈንታ ዝገቱ እሷን እንዲበላ የተቀመጠች ናት። እሷ ስታልቅ ዝገቱ ወደ ታንከሩ ይዞራል፣ ታንከር ከተበሳ ደግሞ ጥገና የለውም፣ ያኔ አዲስ ግዙ ቢባል እውነት ነው። የእኛዋ መሃሏ ላይ ያለው ቀጭን ሽቦ ብቻ ቀርቶ ነበር። በየዓመቱ ወይ በየሁለት ዓመቱ መታየት አለባት አለኝ። ቦይለሩ ሲገጠም ይህን የነገረን ሰው የለም።

አሁን ቅር ወዳለኝ። ዘግይቶ መጣ፣ አልደወለምም። ሬዚስታንሱ ሲታሰር ውሃ እንዳያሳልፍ የሚገባውን ጎሚኒም ይዞ አልመጣም። አሮጌውን ጎሚኒ አጽድቶ ሊመልሰው ሲል እምቢ አልኩ፣ ምክንያቱም ተጨምቆ የደረቀ ጎሚኒ ዛሬ ቢይዝ ነገ ያንጠባጥባል፣ የሚያንጠባጥበው ደግሞ ሽቦዎቹ ላይ ነው። ወጥቶ ገዝቶ መጣ፣ ሳይቆጣ። ቅርፊቱን ግን ከነውሃው መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ስለለቀቀው የፍሳሽ ማውረጃው ተዘጋና ማጽዳቱ ለእኛ ተረፈ። አንድ ባልዲ በቂ ነበር።

የአዲሱ ሬዚስታንስ አገጣጠም ላይ እንከን አላየሁም። ቡሎኖቹን በአንዴ አላጠበቀም፣ እያፈራረቀ ትንሽ በትንሽ ነው ያሰራቸው። የመሬት ሽቦውን መልሶ አሰረና ወደ ብረቱ ያለውን ድጋሚ ለካ። ከዚያ ብሬከሩን ከማንሳቱ በፊት የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍቶ አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ጠበቀ። ሬዚስታንስ ውሃ በሌለበት ከበራ ወዲያው ነው የሚቃጠለው። ቴርሞስታቱን 60 ዲግሪ ላይ አደረገው። ከዚያ በጣም ዝቅ ሲል ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፣ ከፍ ሲል ደግሞ ቅርፊቱ ቶሎ ይሠራል። ልጆች ያላችሁ ግን 60 ዲግሪ ውሃ ሴኮንዶች ውስጥ ቆዳ ስለሚያቃጥል ቀዝቃዛውን ሳትቀላቅሉ አትክፈቱላቸው።

ሊወጣ ሲል ደግሞ ባልጠይቀውም ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ 80 ሊትር ውሃ በ2,000 ዋት ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ስለዚህ ቶሎ አልሞቀም ብለው አይደውሉ። ሁለተኛ፣ ሲሞቅ ከሴፍቲ ቫልቩ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ብልሽት አይደለም። ያ ሁሉ ውሃ ሲሞቅ ከአንድ ሊትር በላይ ስለሚጨምር ትርፉ መውጫ ይፈልጋል። ቫልቩን ለመድፈን የሚሞክር ካለ ታንከሩን ወደ ፈንጂ እየቀየረው ነው። ሞቆ ካበቃ በኋላም ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ ግን ቫልቩ ወይ የውሃው ግፊት መታየት አለበት።

የዕቃውንና የእጁን ሂሳብ ለይቶ ጻፈልኝ፣ የተነቀለውን ሬዚስታንስም አስረከበኝ። ዋስትናውን ግን በቃል ነው የሰጠኝ። በጽሑፍ ይሁን ብዬ ቢሮአቸው ደወልኩ፣ ደረሰኙ ላይ ጽፈው በስልክ ፎቶውን ላኩልኝ። እናንተ ከጠራችኋቸው ልጁ ከመሄዱ በፊት አስጽፉ፣ ስትደውሉም አዲስ ጎሚኒ ይዞ እንዲመጣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።