ቴርሞስታቱ የወጣለት መኪና ሲያሳዩአችሁ ቀብድ አትስጡ

«ቴርሞስታቱን አውጥተነዋል፤ ለእኛ አገር አየር አያስፈልግም።» ያገለገለ መኪና ስታዩ ሻጩ፣ ደላላው ወይም አብሮት የመጣው መካኒክ ይህን ካላችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት። ቴርሞስታት ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ እንደ ሞተሩ ሙቀት የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ቫልቭ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ አነጋገር ሕመም የተደበቀበት ሞተር ምልክት ነው። የምጽፈውም በታናሽ እህቴ ላይ የደረሰው በሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው።

እህቴ አዲስ አበባ ውስጥ በደላላ በኩል ቪትዝ ገዛች። ከተማ ውስጥ ስትነዳው ምንም አላለም። ወደ ደብረ ማርቆስ ስትሄድ ግን ጎሃ ጽዮንን አልፋ፣ ዓባይ በረሃ ወርዳ፣ ወደ ደጀን መውጣት ስትጀምር ቀይ መብራት በራ፣ ውሃውም ገነፈለ። በኋላ ስናስፈትሸው የቴርሞስታቱ ቤት ባዶ ነበር፤ የቀረው የጎማ ቀለበቱ ብቻ ነው። የቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ሽቦ ተቆርጦ፣ ቁልፍ እንደተከፈተ ሁልጊዜ እንዲሽከረከር በቀጥታ ተጠምዶ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። የራዲያተሩ ውሃ የዝገት ቀለም ነበረው። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ተጣሟል፤ በእሱና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም፣ ተቃጥሏል። ሻጩ ሲጠየቅ «አይተሽ፣ ወደሽ ነው የገዛሽው» አለ። እንዲህ ያለ ሰው እንቅልፍ እንዴት እንደሚወስደው አላውቅም።

ቴርሞስታት ከአየር ንብረት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ውስጡ ሲሞቅ የሚያብጥ ሰም አለ፤ ሰሙ ሲያብጥ ስፕሪንጉን ገፍቶ ለውሃው መንገድ ይከፍታል። ብዙዎቹ 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራሉ፤ ቁጥሩ በላያቸው ላይ ተቀርጿል። ድሬዳዋም ሆነ ደብረ ብርሃን ሞተሩ የሚፈልገው ያንኑ ሙቀት ነው። ሲወጣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሠራል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ይበላሻል፣ የሞተሩ አካላትም ቶሎ ያልቃሉ። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ጉዳቱ ከዚህም ይብሳል። በእነዚያ ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ወደ ሞተሩ በአቋራጭ የሚመለስበትን መንገድ ስለሚዘጋ፣ ከወጣ ውሃው ራዲያተሩን ሳያገኝ ይዞራል፤ ሞተሩም ከበፊቱ ብሶ ይሞቃል።

ታዲያ ለምን ያወጡታል? ራዲያተሩ በከፊል ተደፍኖ ወይም ጓርኒሲዮኑ መተንፈስ (ግፊት ማሳለፍ) ጀምሮ ሞተሩ ሲሞቅ፣ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ቬንትሌተሩን በቀጥታ ማያያዝ ሕመሙን ለጥቂት ሳምንታት ይሸፍናል። ለመሸጥ ደግሞ ጥቂት ሳምንታት ይበቃሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ በክፍት ድስት ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። መኪናው ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርጉት የራዲያተር ክዳኑ የሚይዘው ግፊትና ኩላንቱ (ለማቀዝቀዣ የተዘጋጀው ፈሳሽ) ናቸው። ክዳኑ ያረጀ፣ በኩላንት ፈንታም የቧንቧ ውሃ የተሞላ መኪና ዳገት ላይ የሚተርፈው ነገር የለም።

ስለዚህ መኪናውን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ እዩት። ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። «እንዳታስቸግሩ ብዬ አሙቄ ጠበቅኋችሁ» የሚል ሻጭ እናንተን ከማየት የሚያግድበት ምክንያት አለው። ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፤ የሞቀ ሞተር ክዳን ከፍቶ ፊቱ የተቃጠለ ሰው ብዙ ነው። ውሃው የዝገት ቀለም ካለው ወይም ዘይት ከተንሳፈፈበት ተዉት። ቁልፉን ብቻ ክፈቱና፣ ኤሲ ጠፍቶ፣ ቬንትሌተሩ ወዲያው ከተሽከረከረ ወይ በቀጥታ ተጠምዷል ወይ ሴንሰሩ ተነቅሏል።

ከዚያ ሞተሩን አስነሱ። ቪትዝ ከሆነ ብዙዎቹ የሙቀት መለኪያ የላቸውም፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው የመለኪያዎች ሰሌዳ) ላይ ሰማያዊ መብራት ይበራል፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ለረጅም ጊዜ ሳይጠፋ ከቆየ ቴርሞስታቱ ወይ የለም ወይ ተከፍቶ ቀርቷል። በእጅም ይታወቃል፤ ደህና ቴርሞስታት ባለበት መኪና የራዲያተሩ የታችኛው ክፍልና የታችኛው ማኒኮቶ (የውሃ ጎማ ቱቦ) ለደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆነው ይቆዩና ሲከፈት ባንዴ ይሞቃሉ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉም አብሮ ቀስ እያለ የሚሞቅ ከሆነ ውሃውን የሚያግደው ነገር የለም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሳ አረፋ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ የላይኛው ማኒኮቶ ሞተሩ እንደተነሳ ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ጓርኒሲዮኑ አልቋል ማለት ነው፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አትግዙ። የቦሌ ሜዳ ላይ ብቻ ዞራችሁ አትመለሱ፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ዳገቱን ውጡ፣ ላይም ደርሳችሁ ሞተሩን ሳታጠፉ አቁሙትና ከመጠን በላይ ይሞቅ እንደሆነ ጠብቁ።

ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ዋስ እንደሚሆን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይናገራል፤ ገዢው ግን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ውልና ማስረጃ ከመሄዳችሁ በፊት «ቴርሞስታቱና የማቀዝቀዣው ሥርዓት የተሟላ ነው፣ ቴስታታው አልተከፈተም» የሚል ቃል በውሉ ላይ እንዲገባ ጠይቁ። ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

መኪናችሁ ጋራዥ ገብቶ «ቴርሞስታቱ ተበላሽቷል፣ አውጥቼ ልጣለው» ሲሏችሁም እሺ አትበሉ። አሮጌውን ተቀብላችሁ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥሉትና ቴርሞሜትር አስገብታችሁ አሙቁት፤ የተቀረጸበት ቁጥር አካባቢ ከተከፈተና ሲቀዘቅዝ ከተዘጋ ደህና ነው፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ይፈለግ። ካልተከፈተም ለሞተራችሁ የሚሆን አዲስ ግዙና ትንሿ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ወደ ላይ ሆና እንዲገጠም ቆማችሁ እዩ።