የኤሲ ቫኪዩም ሲያፈስ፦ የእጅ ፓምፕ ወይስ የጭስ ማሽን?

በ1997–2003 ፎርድ ኤፍ-150 ላይ ዳገት ሲወጣ የኤሲው አየር ከፊት መውጫዎቹ ጠፍቶ ወደ መስታወቱ ከዞረ መጀመሪያ ቫኪዩሙን (የሞተሩን አየር የመሳብ ኃይል) ጠርጥሩ፤ የአየሩን አቅጣጫ የሚቀይረው በር ቫኪዩም ሲያጣ በስፕሪንግ ወደ መስታወቱ ይመለሳል።

የጭስ ማሽን የተሰነጠቀውን ቱቦ በዓይን ያሳያል፤ ሞተር ክፍል ውስጥ ግሩም ነው። ነገር ግን ከማኒፎልድ (ወደ ሞተሩ አየር ከሚያስገባው ክፍል) የገባ ጭስ ቼክ ቫልቩን (አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን) አያልፍም፤ ጭሱን ከቫልቩ ወዲያ፣ በዝቅተኛ ግፊት መስጠት ያስፈልጋል። ዳሽቦርድ ውስጥ ደግሞ ጭሱ ከየት እንደወጣ ይጠፋል።

ስለዚህ ባለ ጌጅ የእጅ ፓምፕ ይሻላል፤ ርካሽም ነው። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ነቅላችሁ ከ15 እስከ 20 ኢንች ሜርኩሪ (የቫኪዩም መለኪያ) ሳቡና አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ጌጁ ከወረደ ወይ ቱቦው ወይ የበሩ ዲያፍራም (በሩን የሚያንቀሳቅሰው ስስ ጎማ) ተቀዷል። ቼክ ቫልቩ በቫኪዩም ማጠራቀሚያው በኩል ሲሳብ አየር ካሳለፈ ይቀየር።